ከከተማ ሲምፎኒ ጋር በፈቃደኝነት መዘመር፦ የሞዛርት ሬክዊየም የ10 ሳምንት ዝግጅት

1 · ሁለተኛ ቤዝ

በአሜሪካ መካከለኛ ከተሞች ያሉ ብዙ ሲምፎኒ ኦርኬስትራዎች ደመወዝተኛ ኳየር የላቸውም። ትልቅ የድምፅ ሥራ ሲያቀርቡ ከኋላቸው የሚቆመው ቀን በየሥራው ውሎ ማታ የሚለማመድ የፈቃደኞች ኮረስ ነው። ፈቃደኛ ማለት ግን ደካማ ማለት አይደለም። ሮበርት ሾው እ.ኤ.አ. በ1970 ያቋቋመው የአትላንታ ሲምፎኒ ኮረስና በዚያው ዓመት ጆን ኦሊቨር የመሠረተው የታንግልዉድ ፌስቲቫል ኮረስ ሁለቱም በፈቃደኞች የቆሙ ናቸው።

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት ከአበሻ ቤተ ክርስቲያን ኳየር ወደ እንዲህ ያለ ኮረስ ለሚገቡ ሰዎች ነው። ድምፅና ጽናት ይዘው ይመጣሉ፤ የሚያደናቅፋቸው የአሠራሩ ልዩነት ነው። የሞዛርትን ሬክዊየም፣ ለሙታን የሚዘመረውን ቅዳሴ፣ ምሳሌ አደርጋለሁ፤ ኦርኬስትራው ትንሽ ስለሆነ የከተማ ሲምፎኒዎች አቅም ይችለዋል፣ ኮረሱም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሥራ አለው።

መጀመሪያ የጊዜውን ሒሳብ ያዙ። በሳምንት አንድ ማታ፣ ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል የሆነ ልምምድ፣ ለ10 ሳምንት፦ 25 ሰዓት። በኮንሰርቱ ሳምንት አንድ ማታ ከኦርኬስትራው መሪ ጋር በፒያኖ፣ ሁለት ማታ ከኦርኬስትራው ጋር። ሁለቱ የኦርኬስትራ ልምምዶች በወረቀት አምስት ሰዓት ናቸው። እረፍቱን፣ የሶሎ ክፍሎቹን፣ በዚያው ኮንሰርት የሚቀርበውን ሌላ ሥራ ቀንሱና ለኮረሱ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢተርፍ ጥሩ ነው። ሥራው ራሱ 50 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ኦርኬስትራው ፊት ኖታ የሚጠናበት ጊዜ የለም። ተጫዋቾቹ የሚከፈሉት በሰዓት ውል ስለሆነ ልምምዱ በደቂቃው ያልቃል፤ «አንድ ጊዜ ብቻ እንድገመው» የሚባል ነገር አይኖርም።

ሳምንቶቹን እኔ ብከፋፍል እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ፉጋዎቹ፦ ኪሪኤ፣ እንዲሁም በዶሚኔ ዬሱ ውስጥ ያለው «ክዋም ኦሊም አብራኤ»። ድምፆች እየተከታተሉ የሚገቡባቸው ክፍሎች ጉሮሮ ውስጥ ለመቀመጥ ሳምንታት ይፈልጋሉ። በሦስተኛውና በአራተኛው ዲኤስ ኢሬ፣ ሬክስ ትሬሜንዴ፣ ኮንፉታቲስ። በአምስተኛውና በስድስተኛው ሳንክቱስ፣ ሆስቲያስ፣ አኙስ ዴኢ። ሁሉም የሚወደውን ላክሪሞዛን መጨረሻ ላይ፣ በስድስተኛውና በሰባተኛው አድርጉት፤ በሁለት ማታ ይያዛል። ሰባተኛው ሳምንት ሲያልቅ የማይታወቅ ኖታ መኖር የለበትም። የቀሩት ሦስቱ ለቃል አነጋገር፣ ለትንፋሽ፣ ለድምፅ መጠን ናቸው።

ሦስት ወጥመዶችን አሁኑኑ ልንገራችሁ። የመጨረሻው ክፍል፣ ሉክስ ኤቴርና፣ የመክፈቻውንና የኪሪኤን ሙዚቃ በሌላ ቃል ይደግማል። ኖታውን አንድ ጊዜ ካጠናችሁ በቃ ይመስላል፤ ቃሉ ግን «ኩም ሳንክቲስ ቱኢስ» ስለሆነ የቃሉ አከፋፈል ይለያል፤ በኮንሰርት ማታ «ኪሪኤ» ብሎ የሚገባ ሰው አይጠፋም። ሁለተኛው ኦሳና ነው፦ ከሳንክቱስ በኋላ በሬ ሜጀር ነው፣ ከቤኔዲክቱስ በኋላ ሲመለስ ግን በሲ ቤሞል (ግማሽ ድምፅ ዝቅ ባለች ሲ) ሜጀር። አንዱን በቃል የያዘ ጆሮ ሌላው ላይ ይሳሳታል። ሦስተኛው፦ ዲኤስ ኢሬ መግቢያ የለውም፤ ኦርኬስትራውና ኮረሱ አንድ ላይ ይጀምራሉ። ኖታችሁን የምታገኙት ኪሪኤ ከሚያልቅበት ሬና ላ ነው። በመሃል ያለችውን ዝምታ ድምፃችሁን በውስጥ ይዛችሁ እለፏት።

2 · አልቶ ሦስተኛ ረድፍ

ወርቅ ነው። አንድ ጥያቄ፦ ኮረሱ «የድምፅ ኖታ ራሳችሁ ግዙ» ሲል የቱን ነው የምንገዛው? ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚገኘውስ አይሆንም?

3 · ኖታ ቤት

እህቴ፣ ዋጋ አይተሽ ብቻ አትግዢ። ኮረሱ ያዘዘውን ኅትመት፣ በዚያው አሳታሚ ግዢ። ምክንያቱ የባር (ኖታው በቁም መስመር የሚከፋፈልበት ክፍል) ቁጥር ነው። ኢንትሮይት፣ ማለትም መክፈቻው፣ 48 ባር አለው። አንዳንዱ ኅትመት ቁጥሩን ሳያቋርጥ ኪሪኤን ከ49 ይጀምራል፣ ሌላው ከ1። መሪው «ባር 60» ሲል ግማሹ ኮረስ ገጽ ሲፈልግ የሚባክነው ጊዜ ሁለተኛ ቤዝ ከቆጠረው ላይ ነው የሚቀነሰው። የተለየ ኅትመት ያለው ሰው ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት የሌላውን የባር ቁጥር በየገጹ ራስጌ በእርሳስ ይጻፍ፤ አንድ ምሽት የሚፈጅ ሥራ ነው።

ከዚህ የሚከብደው የትኛው አጨራረስ እንደሚዘመር ነው። ሞዛርት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 5 ቀን 1791 ሲሞት ከመክፈቻው በስተቀር ሙሉ በሙሉ ያለቀ ክፍል አልነበረም፤ ላክሪሞዛን ስምንተኛው ባር ላይ ነው ያቆመው። በብዛት የሚዘመረው ተማሪው ዙስማየር የጨረሰው ነው። አንዳንድ መሪ ግን የሮበርት ሌቪንን ይመርጣል። በዚያኛው ከላክሪሞዛ በኋላ የ«አሜን» ፉጋ አለ፣ የኦሳናም ፉጋ ረዝሟል። የዙስማየርን ገዝቶ ሌቪን ልምምድ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ያን ፉጋ ከየት ያመጣዋል? በመጀመሪያው ሳምንት ይጠየቅ።

ነፃው ቅጂ ለቤት ጥናት ይሆናል። መድረክ ላይ ግን ተለጣፊ ወረቀት የሌለበት፣ ገጹ ሲገለበጥ የማይንኮሻኮሽ ጥራዝ ያስፈልጋል። እርሳሱ 2ቢ ይሁን፣ በእስክሪብቶ አይጻፍ፤ መሪው ሐሙስ ያዘዘውን አርብ ይለውጠዋል።

በኖታው ላይ የሚጻፈውም ሥርዓት አለው። ትንፋሽ በጭረት፤ መሪውን የምናይበት ቦታ በመነጽር ሥዕል፤ ቃሉ በ«ስ» ወይም በ«ት» የሚያልቅበት ቦታ ደግሞ ፊደሏ ራሷ ከምትወድቅበት ምት በላይ ትጻፍ። 80 ሰው «ስ»ን በየራሱ ጊዜ ከለቀቀው እንደሚያፈስ ጎማ ነው የሚሰማው።

4 · ጀማሪ ቴነር

ጋሼ ሁለተኛ ቤዝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ኖታ ማንበብ ሳይችሉ በሶልፋ (በዶ-ሬ-ሚ) ብቻ መግባት ይቻላል? ፈተናው ላይ ምን ይጠየቃል?

5 · ሁለተኛ ቤዝ

ይቻላል ወንድሜ፣ በተለይ ቴነር ከሆንክ። የቴነር እጥረት የሌለበት ኮረስ ብርቅ ነው። የድምፅ ፈተናው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆያል። ብዙውን ጊዜ አራት ነገር ይታያል፦ ድምፅህ ከየት እስከ የት እንደሚደርስ፤ ፒያኖው የመታውን አምስትና ስድስት ኖታ ሰምተህ መመለስ፤ አንድ አጭር መዝሙር ብቻህን፤ አራት ወይም ስምንት ባር ያላየኸውን ኖታ ማንበብ። የመጨረሻው ላይ የሚፈለገው ፍጹምነት አይደለም። ኖታ ብትስት እንኳ ምቱን ሳታቆም እስከ መጨረሻው መሄድህ ነው የሚታየው። ቆሞ ወደ ኋላ የሚመለስ ሰው ኮረስ ውስጥ ጎረቤቱን ይዞ ይወድቃል።

ሶልፋ ያለው ሰው መንገዱን አጋምሷል። ልብ የምትለው አንድ ነገር ነው፦ አንተ የለመድከው ዶ ተንቀሳቃሽ ከሆነ፣ ሙዚቃው ቃና በለወጠ ቁጥር ዶ የት እንደሄደ በእርሳስ ምልክት አድርግ።

ሌላው የግማሽ ድምፅ ጉዳይ ነው። ጆሮአችን በትዝታ ሜጀር ከተቃኘ፣ እዚያ ቅኝት ውስጥ ግማሽ ድምፅ ስለሌለ፣ ዶ ዲዬዝ (ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለች ዶ) ወደ ሬ ስትወጣ የምናሰፋት ብዙ ነን። ሬክዊየሙ በሬ ማይነር ስለሆነ ይህች ዲዬዝ በየገጹ አለች፤ ዝቅ ካለች መላው ኮረስ ይወርዳል። መድኃኒቱ ከቤት አይጠፋም፦ አምባሰል። የአምባሰል የመጀመሪያውና ሁለተኛው ድምፅ ርቀት ግማሽ ነው። ያንን ጠባብ እርምጃ ጉሮሮህ ያውቀዋል፤ ከዚያ አውርሰው።

ለፈጣን ሩጫዎች፣ ለምሳሌ ኪሪኤ ውስጥ «ክሪስቴ ኤሌይሶን» ለሚለው፦ ሜትሮኖም (ምት ቆጣሪው) 60 ላይ፣ አራት አሥራ ስድስተኛ ኖታና የሚቀጥለውን ምት የመጀመሪያ ኖታ አንድ ላይ፣ ማለትም አምስት ኖታ፣ ከዚያ ዕረፍት። አጭር አጭር አድርገህ በ«ዱ»። አምስቱ ንጹሕ ከሆነ 4 ጨምር፤ ካልሆነ 4 ቀንስ። «ሀ-ሀ-ሀ» እያሉ መለየት ቀላል ይመስላል፤ ትንፋሽን ግን ይጨርሳል፣ ሦስተኛው ባር ላይ ባዶ ትሆናለህ። አናባቢውም እስከ መጨረሻው ኖታ «ሌ» ነው፤ «ይ»ን ቀድመህ ካስገባሃት ድምፁ ይጠባል።

6 · ፊደልና ላቲን

የቃሉን ነገር ለኔ ተዉልኝ፤ አማርኛ ተናጋሪ ትልቅ ዕድል ያለው እዚህ ላይ ነው።

የላቲኑ አምስት አናባቢ በፊደላችን ኢ፣ ኤ፣ ኣ፣ ኦ፣ ኡ ናቸው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ጎረቤታችሁ «ኤ»ን ወደ «ኤይ»፣ «ኦ»ን ወደ «ኦው» እንዳይጎትት ሳምንታት ሲታረም፣ እናንተ ከንግግራችን ብታመጡት ይበቃል። ስለዚህ ላቲኑን በፊደል ጻፉት፦ «ሬክዊኤም ኤቴርናም ዶና ኤኢስ ዶሚኔ»። ግን አራት ነገር ተጠንቀቁ።

አንደኛ፣ እኛ «ኦ» ስንል ከንፈራችን ቀድሞ ይሰበሰባል፤ «ዶና» ሳናውቀው «ድዎና» ትሆናለች። «ኤ»ም እንዲሁ፣ «ቤኔዲክቱስ» «ብዬኔ» ብላ ትነሣለች። ንግግር ላይ አይታወቅም፣ በቀስታ ሲዘመር ግን በግልጽ ይሰማል። ኮንሶናንቷን በገለልተኛ ከንፈር ጣሏትና ከዚያ አናባቢውን ክፈቱ።

ሁለተኛ፣ ሳድስ። ተከታታይ ኮንሶናንት ሲገጥመን «እ» እናስገባለን። «ሳንክቱስ» ሁለት ክፍለ ቃል ነው፤ በ«ን» እና በ«ክ» መካከል «እ» ከገባች ሦስት ይሆንና አንድ ኖታ ይጎድላችኋል። «ክሪስቴ» ላይም «ክ»ን ከ«ሪ» ጋር አጣብቋት።

ሦስተኛ፣ መጥበቅና መላላት። ፊደላችን አያሳየውም እንጂ ምላሳችን ያውቀዋል። «ኦሳና» ላይ «ና» ትጠብቃለች፤ «ቶሊስ» ላይ «ሊ»፤ «ፔካታ» ላይ «ካ»። የሰዋስው መምህራን እንደሚያደርጉት ከፊደሏ በላይ ሁለት ነጥብ አድርጉባት። ኦሳና ማለት ሆሳዕና ነው፤ ትርጉሙን ታውቁታላችሁ፣ «ሀ»ዋን ግን እዚህ አትጥሩ።

አራተኛ፣ ፈንጂ ድምፆቻችን። «ት» እንጂ «ጥ» አይደለም፣ «ክ» እንጂ «ቅ» አይደለም። ይህ ወደሚቀጥለው ይወስደኛል፦ ላቲን ሁለት ዓይነት አነጋገር አለው። የጣሊያን ቤተ ክርስቲያን አነጋገር «ሉቼአት»፣ «አኙስ»፣ «ክዊ»፣ «ጄሬ» ይላል። የጀርመኑ «ሉትሴአት»፣ «አግኑስ»፣ «ክቪ»፣ «ጌሬ»። ሞዛርት ቪየና የጻፈው ስለሆነ ጀርመንኛውን የሚመርጡ መሪዎች አሉ። ያኔ «ትሴ»ዋን በ«ፀ» እንዳትጽፏት፤ የኛ «ፀ» ጉሮሮን ዘግታ የምትፈነዳ ናት፣ ያቺ ግን ከትንፋሽ ጋር የምትወጣ «ትስ» ናት።

«ር»ን በተመለከተ የኛ ልክ ነች። አታለስልሷት፤ ጎረቤቶቻችሁ ከእናንተ ይውሰዱ።

«ኪሪኤ» ደግሞ ሦስት ክፍለ ቃል ነው፦ ኪ-ሪ-ኤ። በቅዳሴያችን «ኪርያላይሶን» እያልን የምናውቀው ያው የግሪክ ቃል ስለሆነ አፍ ያጣብቀዋል፤ እዚህ አንድ ላይ አይጣበቅም።

7 · አልቶ ሦስተኛ ረድፍ

«ኤኢስ» ሁለት ክፍለ ቃል ነው ወይስ «ኤይስ» አንድ?

8 · ፊደልና ላቲን

ሁለት፣ እህቴ። ኖታው ስር ሰረዝ ታገኚያለሽ። ሰረዝ ባለበት ሁሉ ሁለት ኖታ ነው።

9 · ቫዮላ ከኋላ ወንበር

ከኦርኬስትራው ወገን ልናገር። የፈቃደኞች ኮረስ ዋና ችግር የድምፅ ጥራት አይደለም፤ ሰዓት ነው። ዘግይቶ መግባት።

ምክንያቱ ርቀት ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል። የመጀመሪያ ቫዮሊኖች ከኮረሱ 10 ሜትር ቢርቁ ድምፃቸው እናንተ ጋር ለመድረስ 30 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል። እሱን ሰምታችሁ ከዘመራችሁ የእናንተም ወደ መሪው ለመመለስ ሌላ 30 ይወስዳል። ዲኤስ ኢሬ በደቂቃ 140 ምት ቢሄድ አንዷ አሥራ ስድስተኛ ኖታ 107 ሚሊሰከንድ ናት። ከግማሽዋ በላይ ዘገያችሁ ማለት ነው፤ አዳራሹም ይሰማዋል። ማንም አላጠፋም፣ ጆሮውን ያመነ ሁሉ ይዘገያል። ስለዚህ ዓይን ከመሪው በትር አይነሣ፤ ኮንሶናንቱ ከምቱ በፊት፣ አናባቢው በምቱ ላይ።

የሮበርት ሾው መንገድ ለዚህ ይጠቅማል፦ ቃሉን ትታችሁ በኖታው ላይ ምቱን ትቆጥራላችሁ፣ «ዋን ኤንድ ቱ ኤንድ ቲ ኤንድ ፎር ኤንድ»። ሦስትን «ቲ» የሚሏት አጭርና ስል እንድትሆን ነው። ረጅም ኖታ ላይም ቁጥሩ አይቆምም፤ ማን እንደሚቸኩል፣ ማን እንደሚጎተት ወዲያው ይለያል። በአማርኛ «አንድ እና ሁለት እና» ብሎ መሞከር አያዋጣም፣ ክፍለ ቃሉ በዝቶ ምቱን ይሞላዋል።

10 · ሁለተኛ ቤዝ

አንድ ነገር ላይ አልስማማም። በበትሩ ላይ በትክክል የዘመረ ኮረስ በመጀመሪያው የኦርኬስትራ ልምምድ ከኦርኬስትራው ቀድሞ ሲገኝ ነው የሚታየው። ፒያኖ በበትሩ ላይ ይመታል፤ የገመድ መሣሪያ ግን ከበትሩ በኋላ ነው ድምፁ የሚከፈተው። ኮረሱ 10 ሳምንት የለመደው ፒያኖውን ነው።

11 · ቫዮላ ከኋላ ወንበር

ልክ ነህ፣ ይህን ማለት ነበረብኝ። ብዙ ኦርኬስትራ ከበትሩ ትንሽ ዘግየት ብሎ ይጫወታል፣ በተለይ ቀስ ባሉ ክፍሎች። መጠኑ በመሪው እጅ ይወሰናል። መፍትሔው ግን ጆሮን መከተል አይደለም። መሪው በፒያኖው ማታ ሲመጣ የኮረሱ ኃላፊ ይጠይቀው፦ «በምትህ ታች ላይ ነው ወይስ ሲመለስ የምትፈልገን?» ፈጣኖቹ ላይ በትሩን ብቻ፤ ሆስቲያስና አኙስ ዴኢ ላይ በትሩንና የድርብ ባሶቹን ቀስት አንድ ላይ እዩ። ቀስቱ ከገመዱ ጋር ሲገናኝ በዓይን ይታያል፤ ብርሃን አይዘገይም።

ስለ ትሮምቦኖቹም ልበል። በዚህ ሥራ ሦስት ትሮምቦኖች አሉ፤ ፉጋዎቹ ላይ አልቶን፣ ቴነርንና ቤዝን ኖታ በኖታ ይከተላሉ። ሶፕራኖን የሚከተል ትሮምቦን የለም። ከኮረሱ ፊት ለፊት ከተቀመጡ ለመግቢያችሁ ምርኩዝ ይሆኗችኋል። በጣም ከጮኹ ግን ቴነሮች ራሳቸውን ስለማይሰሙ ይገፋሉ፣ ሲገፉ ደግሞ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ይወጣል። የቴነር ተወካዩ ለኮረሱ ኃላፊ ይናገር፣ ኃላፊው ለመሪው። ከረድፍ ሆኖ ለኦርኬስትራ መናገር አይገባም።

12 · ጀማሪ ቴነር

ኮንፉታቲስ መጨረሻ ላይ «ኦሮ ሱፕሌክስ» ከሚለው ጀምሮ ሁልጊዜ እንወርዳለን ይባላል። ለምን?

13 · ሁለተኛ ቤዝ

ሙዚቃው ራሱ ስለሚወርድ። ከላ ማይነር ተነሥቶ ላ ቤሞል ማይነር፣ ከዚያ ሶል ማይነር፣ መጨረሻ ፋ ሜጀር ላይ ያርፋል። በመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ግማሽ ግማሽ ድምፅ መውረድ ነው፤ ሰው ግን ሲወርድ እርምጃውን ያሰፋል። በዚያ ላይ በቀስታ የሚዘመር ነው፣ በቀስታ ስንዘምር ትንፋሹ ይላላል። ሲያልቅ ላክሪሞዛ በሬ ማይነር ይጠብቃል፤ ኦርኬስትራው የት እንደደረሳችሁ ያጋልጣል።

አያያዙ፦ በየእርምጃው የሚቀሩትን የጋራ ኖታዎች ፈልጉና በእርሳስ አያይዟቸው። ለመውረድ ስታስቡ ጠባብ አስቡ። ያለ ፒያኖ ዘምራችሁ መጨረሻ ላይ ፋን ምቱና ልዩነቱን ለኩ፤ በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ ይመደብለት። ከዚያ በፊት ያለው የሶፕራኖና የአልቶ «ቮካ ሜ»ም በቫዮሊኖች ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ነው፣ ከታች የሚይዛቸው ቤዝ የለም። እዚያ ትንፋሽ በተራ ይወሰድ፦ ከጎረቤት ጋር አንድ ላይ አይደለም፣ ሐረጉ ሲያልቅም አይደለም፤ በረጅም አናባቢ መሃል ዝም ብሎ መውጣት፣ ኮንሶናንቱን ሳይደግሙ ከትንሽ ድምፅ ተነሥቶ መመለስ።

14 · መድረክ ያዥ

ስለ መቆሚያው ማንም ስላላነሣ እኔ ላንሣው። ለ80 ሰው አራት ረድፍ በ20 ሰው። ቆሞ ለሚዘምር ለአንድ ሰው 50 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም 10 ሜትር ስፋት። ወንበር ካለ 60 ሳንቲ ሜትር፣ 12 ሜትር። የከተማ አዳራሾች ብዙ ጊዜ ይህን ስፋት ከኦርኬስትራው ጀርባ አያገኙም፣ ስለዚህ ስንት ሰው እንደሚቆም የሚወሰነው በመድረኩ ልክ ነው፤ ከአሥረኛው ሳምንት በፊት ይለካ።

ወንዶች ጥቂት ከሆኑ መሃል አቁሟቸው፣ ሶፕራኖ በግራ፣ አልቶ በቀኝ። ድምፆችን ቀላቅሎ ማቆም ቀስ ላሉ ክፍሎች ያምራል፣ ለዚህ ሥራ ፉጋዎች ግን አልመክረውም፤ መግቢያ ከጎረቤት መስማት ያስፈልጋል።

መነሣትና መቀመጥ በጽሑፍ ይሰጥ። ቱባ ሚሩም፣ ሬኮርዳሬ፣ ቤኔዲክቱስ የሶሎ ክፍሎች ናቸው፣ ኮረሱ ይቀመጣል። መነሻው ነው አስቸጋሪው። ከቱባ ሚሩም በኋላ ሬክስ ትሬሜንዴ የሚከፈተው በጥቂት የኦርኬስትራ ባሮች ብቻ ነው፣ «ሬክስ!» ወዲያው ይመጣል። ስለዚህ ቱባ ሚሩም ሲያልቅ፣ የመጨረሻው ድምፅ ሳይጠፋ፣ የፊት ረድፍ መሃል ያለውን አንድ ሰው አይቶ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሣል። ቤኔዲክቱስ ላይ ሶሎዎቹ እንዳበቁ ኦሳና ወዲያው ስለሚቀጥል ተነሥቶ መጠበቅ ግድ ነው። ይህን ከኮንሰርቱ በፊት ባለው የመጨረሻ ልምምድ ሁለት ጊዜ ያልሞከረ ኮረስ ወንበር እያንኳኳ ይነሣል።

ጥራዙ ጥቁር፣ በግራ እጅ፣ በትሩ ከላዩ ጠርዝ በላይ እንዲታይ ደረት ላይ። ሽቶ አይቀባም፤ ጎረቤት ጉሮሮ ይዘጋል።

15 · አልቶ ሦስተኛ ረድፍ

ኮንሰርቱ ዐቢይ ጾም ውስጥ ከዋለስ? የሚጾም ሰው መድረክ ላይ ሲያዞረው ምን ያድርግ?

16 · መድረክ ያዥ

መጀመሪያ የሚያዞርበትን ምክንያት ልንገርሽ፦ ጉልበት ቀጥ ብሎ ሲቆለፍ ደም ከእግር በደንብ አይመለስም፣ በዚያ ላይ የመድረክ መብራት ሙቀትና የውኃ እጥረት። ጉልበት ሁልጊዜ ለስለስ ይበል፤ ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው በዝግታ ይዛወር። የጆሮ ጩኸት ወይም የዓይን ጭጋግ ሲጀምር ወዲያው ባሉበት መቀመጥ፣ አንገት ዝቅ። «ይህን ክፍል ልጨርስ» ያለ ሰው ነው ከደረጃ የሚወድቀው። ጎረቤቶቹ ቦታውን ይሸፍኑ፣ መዝሙሩ አይቁም።

ለጾመኛ፦ ከጾም ሰዓት በኋላ ከኮንሰርቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ቀድሞ ቀለል ያለ ነገር፤ ሽሮ በትንሽ እንጀራ፣ ወይም በሶ በጥብጦ መጠጣት። በርበሬ የበዛበት ወጥ ግን አሲድ ወደ ጉሮሮ ስለሚመልስ በዚያ ቀን ይቅር። በኮንሰርቱ ሳምንት አራት ማታ በተከታታይ ስለሚዘመር በፒያኖው ማታ ሁሉን በሙሉ ድምፅ አትስጡ፤ ከፍ ያሉትን ኦክታቭ ዝቅ አድርጎ ማመልከት ነውር አይደለም። መሪው ሙሉ ድምፅ የሚፈልግበትን ይናገራል።

17 · ኖታ ቤት

ሁለት ነገር ልጨምር፣ ሰው ስለሚያፍር የማይጠይቃቸው። ፈቃደኛ ማለት ነፃ ማለት አይደለም፦ ጥራዙ፣ ጥቁር ልብሱ፣ የመኪና ማቆሚያው፣ በብዙ ኮረስ ደግሞ የአባልነት መዋጮ አለ። አቅም ለሌለው ሰው የሚውል ጥራዝ አብዛኛው ኮረስ ያስቀምጣል፤ ለጸሐፊው ብቻ መንገር ይበቃል። ደግሞ አንዳንድ ኮረስ በየድምፁ አንድ ወይም ሁለት የሚከፈላቸው መሪ ዘማሪዎች ይቀጥራል። ቅር አትሰኙ፤ ከእነሱ አጠገብ መቆም ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ስልክ። የኦርኬስትራ ተጫዋቾች ማኅበር ውል ልምምድንም ኮንሰርትንም መቅረጽ ይገድባል። ቤተሰብ በቀጥታ ስርጭት እንዲያይ ከረድፍ ሆኖ ስልክ መክፈት ኮረሱን በሙሉ ያስወቅሳል። ዘመድ ለመጋበዝ ትኬት ነው መንገዱ፤ ለአባላት ቅናሽ ካለ ቀድማችሁ ጠይቁ።

18 · ጀማሪ ቴነር

የመጨረሻ ጥያቄ ጋሼ፦ መዝጊያው ባዶ ይመስላል ይላሉ። ኅትመቱ ኖታ ጎድሎት ነው?

19 · ሁለተኛ ቤዝ

አልጎደለውም። ኪሪኤም፣ ሉክስ ኤቴርናም የሚያልቁት ሬና ላ ላይ ነው፤ ፋ የለችም። ማይነር ነው ሜጀር የምትለዋ ኖታ እሷ ስለሆነች ቃናው ሳይወሰን ክፍት ይቀራል። ጆሮ መሃሏን መሙላት ይፈልጋል፤ በተለይ አልቶና ቴነር ውስጥ ስምምነት መፍጠር የለመደ የቤተ ክርስቲያን ዘማሪ ሳያውቀው ፋ ይጨምራል። በኖታህ ላይ ክብ አድርግና «ፋ የለም» ብለህ ጻፍባት። ቃሉ «ክዊያ ፒኡስ ኤስ» ነው። «ኤ»ዋን እስከ መሪው እጅ ያዟት፤ «ስ»ዋን በየጎረቤታችሁ ጊዜ ሳይሆን በእጁ መዝጊያ ላይ አስቀምጡ፣ አጭር፣ አንድ ላይ። ከዚያ ጥራዙ ደረት ላይ እንደተከፈተ ይቆይ፤ በትሩ እስኪወርድ ማንም አይዝጋው።